ቢጫው ኩባያ ምን ሆነ? በሐዘን ልብ ወለድ ውስጥ ቀለምን ተከትሎ የማንበብ መመሪያ

ተማሪ ሳለሁ ስለ አንድ የሐዘን ልብ ወለድ ድርሰት ጻፍኩ። «ጥቁር ሞትን ይወክላል፣ ነጭ ንጽህናን ይወክላል፣ ቀይ ደምን ይወክላል» እያልኩ ደረደርኩት። መምህሬ ከጠርዙ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፋ መለሰችልኝ፦ «የት ገጽ ላይ?» መልስ አልነበረኝም። የጻፍኩት ሁሉ መጽሐፉን ሳልገልጥም ልጽፈው የምችለው ነገር ነበር።

ይህ መመሪያ እንደዚያ ላለመጻፍ ነው። ድርሰት የታዘዛችሁ ተማሪዎች፣ በንባብ ክበብ የምታወሩ ሰዎች፣ ወይም ለራሳችሁ ጠለቅ ብላችሁ ማንበብ የምትፈልጉ ትጠቀሙበታላችሁ። ከመጀመራችን በፊት ግን ጥያቄውን ልቀይርላችሁ። «ይህ ቀለም ምን ማለት ነው?» የሚለውን ለጊዜው ተዉት። «ማን አየው? መቼ አየው? ከመቼ ጀምሮ ማየት አቃተው?» በሉ። ያዘነ ሰው ዓለምን እንደ ድሮው አያይም። ጎበዝ ደራሲ ሐዘንተኛውን «አዘንኩ» አያሰኘውም፤ ዓይኑ የሚያርፍበትንና የሚሸሸውን ያሳየናል። ቀለም ደግሞ ያንን ዓይን ለመከተል የሚመች ዱካ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ያለ እርሳስ አንብቡ

ከገጽ አንድ ጀምሮ እርሳስ ከያዛችሁ ሁሉም ቀለም ምልክት ይመስላችኋል። መጋረጃው፣ ጫማው፣ የሻዩ ቀለም ሳይቀር። ስለዚህ አንዴ እንደ ማንኛውም አንባቢ አንብቡና ጨርሱት። ከዚያ መጽሐፉን ዝጉና በወረቀት ላይ «የትኛው ቀለም ትዝ ይለኛል?» ብላችሁ ጻፉ። መልሳችሁን ለማረጋገጥ አትግለጡ። አእምሯችሁ ውስጥ ተጣብቆ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ነው። ሁለት ከሆኑ ሁለቱንም ያዙ፤ አንዱ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ራሱ ይወድቃል።

ደረጃ 2፦ ሥራ ያለው ቀለም መሆኑን አረጋግጡ

በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ መቶ ቀለም ሊኖር ይችላል። ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ይህ ምንም አይነግራችሁም። «በሩን ዘጋው» ማለት ሲበቃ «አረንጓዴውን በር ዘጋው» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ያልተጠየቀውን ተናግሯል። አንዴ ከሆነ እለፉት። በሦስተኛው ላይ ጆሯችሁን አቁሙ።

ቀለሙ የሚመጣበትንም ቦታ እዩ። መርዶ ሲነገር፣ ከቀብር ሲመለሱ፣ የሟቹ ክፍል ሲከፈት፣ ሐዘንተኛው ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ። እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው ግን ሌላ ምልክት ነው፦ ገጸ ባሕሪው ለቀለሙ የሚሰጠው ምላሽ። ይሸሸዋል? ይደብቀዋል? ይቀባዋል? ስሙን ሊጠራው ይፈራል? ሰው ዝም ብሎ ከቀለም አይሸሽም።

አንዳንዴ ደራሲው ራሱ ቀለሙን ፊት ለፊት ያስቀምጥላችኋል። ደቡብ ኮሪያዊቷ ሃን ካንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው «ነጩ መጽሐፍ» የሚጀምረው በነጭ ነገሮች ዝርዝር ነው። ጨው፣ በረዶ፣ ጨረቃ፣ ሩዝ እያለ ይቀጥላል። መጽሐፉ ተወልዳ ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ስለኖረች ታላቅ እህት ነው። እዚህ ጋ ነጭ ምልክት መሆኑን ለማስረዳት መልፋት ከንቱ ድካም ነው፤ ከሽፋኑ ጀምሮ ተነግሯል። የእናንተ ሥራ ቅደም ተከተሉን ማየት ነው። ዝርዝሩ በሕፃን መጠቅለያ ጨርቅ ይጀምርና በከፈን ያልቃል። ነጩ ያው ነጭ ነው፣ ጨርቁም ያው ጨርቅ ነው። በመሃል ያለፈው ግን አንድ ሙሉ ዕድሜ ሊሆን ይገባው ነበር።

ደረጃ 3፦ የቀለም መዝገብ ክፈቱ

ሁለተኛው ንባብ በእርሳስ ነው። በደብተር ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ገጽ፣ ቀለሙ ያረፈበት ነገር፣ ያየው ሰው፣ ከዚያ በፊት ባለው አንቀጽ የሆነው ነገር፣ ካየው በኋላ ሰውየው ያደረገው። «ትርጉም» የሚል ዓምድ እንዳትጨምሩ። ከጨመራችሁ ከሦስተኛው መስመር ጀምሮ መዝገቡን የምትሞሉት የራሳችሁን ግምት ለማስደሰት ይሆናል።

መጽሐፉ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ካላችሁ መፈለጊያው ያግዛል፤ ግን አማርኛ ላይ ብዙ ያመልጠዋል። የኛ ቀለሞች በቅጽል ብቻ አይኖሩም። በግሥ ውስጥም ይኖራሉ። «ጥቁር» ብላችሁ ብትፈልጉ «ጠቆረ»ን አታገኙም። «ነጭ» ስትሉ «ነጣ» ያልፋችኋል፣ «ቀይ» ስትሉ «ቀላ» እና «መቅላት»። በሐዘን መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ግሦቹ ናቸው ወርቅ የሚሆኑት፤ ምክንያቱም ቀለም ሲለወጥ ያሳያሉ። ገረጣ፣ ደበዘዘ፣ ፈዘዘ፣ ወየበ። ነጭ የነበረ ልብስ ሲወይብ ማንም ሰው ምንም አላደረገውም፤ ጊዜ ብቻ ነው ያለፈበት። አጻጻፉም ይለያያል፦ «ሐምራዊ» እና «ሀምራዊ»ን ለየብቻ ፈልጉ። ለሁሉም ግን ከመፈለጊያው ይልቅ ዓይናችሁን እመኑ።

አንድ ጥንቃቄ። «ፊቱ ጠቆረ» የሚል ሲያጋጥማችሁ ቶሎ አትደሰቱ። የተለመደ አባባል ነው፤ ተቆጣ ወይም ከፋው ማለት ነው እንጂ ቀለም አይደለም። መዝግቡት፣ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጉ። በዚያው ገጽ መስታወቱም፣ ውሃውም፣ ደጁም ከጠቆረ ደራሲው አባባሉን ከእንቅልፉ ቀስቅሶታል ማለት ነው። ያኔ የጥያቄ ምልክቱን ሰርዙት።

ደረጃ 4፦ መስመር በመስመር አንብቡት

ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የፈጠርኩትን ምሳሌ እንውሰድ። ልጁ ስለሞተችበት አባት የሚያወራ ልብ ወለድ አለ እንበል። መዝገባችሁ ቢጫ ላይ አራት መስመር ሰጥቷችኋል።

ገጽ 14፦ ልጅቷ በሕይወት አለች። በቢጫ ኩባያዋ ወተት ትጠጣለች። አባትየው ሰዓት እያየ «ጨርሺ፣ ረፈደ» ይላታል።

ገጽ 61፦ ከሞተች በኋላ ነው። አባትየው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ዕቃ ይቆጥራል። «ሁለት ነጭ፣ አንድ ጫፉ የተሸረፈ ሰማያዊ፣ ሦስት ብርጭቆ፣ እና የእሷ።»

ገጽ 118፦ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ተማሪ ቢጫ እርሳስ ያወጣል። አባትየው ከመውረጃው ሁለት ፌርማታ ቀድሞ ይወርዳል። ምክንያቱ አልተጻፈም።

ገጽ 190፦ የጎረቤት ልጅ ውሃ ትጠይቃለች። ኩባያውን ያወርዳል። «ወይቧል» ይላል ለራሱ። አጥቦ ይቀዳላታል።

አሁን ገጽ 61ን ተመልከቱ። በዝርዝሩ ውስጥ ነጩም ሰማያዊውም በቀለሙ ተጠርቷል። የእሷ ኩባያ ጋ ሲደርስ ቀለሙ ተዘለለ። በእኔ ንባብ የመጽሐፉ ከባዱ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፤ «ቢጫ» የሚለው ቃል ግን የለበትም። በኮምፒውተር ፈልጋችሁ ቢሆን ኖሮ አታገኙትም ነበር። አባትየው ቀለሙን አልረሳውም። ቃሉ ከአፉ አልወጣም።

ገጽ 118 ላይ ቀለሙ ከኩባያው ተነጥሎ ወጣ። አሁን የሚያስደነግጠው ዕቃው አይደለም፤ የማያውቀው ሰው እርሳስ ነው። ሐዘን ከቁም ሣጥኑ ወጥቶ ከተማ ውስጥ መዞር ጀምሯል። ገጽ 190 ላይ ደግሞ «ቢጫ» አላለም፣ «ወይቧል» አለ። ኩባያውን እንደ ኩባያ አየው። ያረጀ፣ መታጠብ ያለበት ዕቃ ሆኗል። ይህን «ሐዘኑ አለቀ» ብላችሁ እንዳትጽፉት አደራ። አጥቦ ቀዳ፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው የተጻፈው።

ከዚህ ቀጥሎ የልውውጥ ፈተናውን ሥሩ። ቢጫውን በሐሳባችሁ ቀይ አድርጉት። ታሪኩ ይበላሻል? እዚህ ምሳሌ ላይ ብዙም አይበላሽም። ይህ ማለት ቢጫ እዚህ ጋ «ደስታ» ወይም «ፀሐይ» አይደለም። የልጅቷ ነው፣ በቃ። የቀለሙ ጉልበት የመጣው ከባለቤቱ ነው። ቀለሙን ስትለውጡ አንድ ትዕይንት የሚፈርስ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ቀዩ ከደም ጋር የሚያያዝበት ቦታ ካለ፣ ቀለሙ በራሱ የተሸከመው ነገር አለ። ሁለቱ የተለያዩ ድርሰቶች ናቸው። የትኛውን እንደምትጽፉ እዚህ ጋ ወስኑ።

ደረጃ 5፦ ቀለም የጠፋበትን ቦታ ፈልጉ

አብዛኛው ሰው ያለውን ቀለም ይቆጥራል። በሐዘን ልብ ወለድ ውስጥ የበለጠ የሚናገረው የሌለው ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የሚበልጠው የቶኒ ሞሪሰን «ቢለቭድ» ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሴቲ ከባርነት አምልጣ ስትያዝ ልጇ ወደ ባርነት እንዳትመለስ ብላ በገዛ እጇ የገደለች እናት ናት። ከዚያ ወዲህ ቀለም አይታያትም። የምታስታውሰው የመጨረሻ ቀለም የልጇ መቃብር ድንጋይ ላይ የነበረው ሮዝ ፍንጣሪ ነው።

አማቷ ቤቢ ሰግስ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። በመጨረሻ ዘመኗ አልጋ ላይ ተኝታ ቀለም ብቻ ማሰብ ትፈልጋለች። አንዱን ቀለም እስኪበቃት ታስበውና ወደሚቀጥለው ትሻገራለች፤ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ። ስትሞት ሮዝ ላይ ደርሳ ነበር። የተኛችበት ክፍል ግን የደበዘዘ ነው፤ ብርድ ልብሱ ላይ ካሉት ሁለት ብርቱካናማ ቁራጮች በቀር ዓይን የሚይዝ ነገር የለም።

አንድ ቤት ነው፣ አንድ ሞት ነው። አንዷ ቀለም ተዘግቶባታል፣ ሌላዋ ከቀለም በቀር የቀራት የለም። «ሮዝ ፍቅርን ይወክላል» ብሎ የገባ ሰው ከዚህ ሁሉ ምንም ሳያገኝ ይወጣል። መዝገብ የያዘ ሰው ግን ሮዝ ሁለት ጊዜ መጨረሻ ላይ መገኘቱን ያያል፦ ለሴቲ የመጨረሻው የታየ ቀለም፣ ለቤቢ ሰግስ የመጨረሻው የታሰበ። በኋላ ሴቲ ልጄ ተመልሳለች ብላ ስታምን ነገሮችን እንደገና ማየት ትጀምራለች፤ ያጠራቀመችው ገንዘብም ለምግብ፣ ለሪባንና ለልብስ ጨርቅ ይጠፋል። የቀለሙ መመለስ ጤንነት ነው ወይስ ሌላ ዓይነት ሕመም? ድርሰት የሚሆነው እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው።

ለሥራችሁ እንዲመች መዝገቡ ላይ ከሞቱ በፊትና ከሞቱ በኋላ ባለው መካከል ወፍራም መስመር አስምሩ። ከመስመሩ በላይ የነበረና ከመስመሩ በታች የጠፋ ቀለም ካለ ክበቡት።

ደረጃ 6፦ ብርሃኑን አትርሱ

ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል፤ አጭር ስለሆነ አትዝለሉት። ሲመሽ ዓይናችን ቀለሞችን እኩል አያይም። ቀይ ቀድሞ ይጠቁራል፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ይቆያሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቼካዊው ሳይንቲስት ያን ፑርኪንዬ ያስተዋለው ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እና ምን ይጠበስ? አንድ ገጸ ባሕሪ መብራት በሌለበት ክፍል ውስጥ የሟች እህቱን ሹራብ «ደማቅ ቀይ» ብሎ ካየው፣ እያየ ያለው በዓይኑ አይደለም። በትዝታው ነው። ደራሲው አውቆ ሊሆን ይችላል፣ ተሳስቶም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዝገባችሁ ላይ ሰዓቱንና መብራቱን በጥግ ጻፉ፤ ሌሎች የሌሊት ትዕይንቶችም ተመሳሳይ ከሆኑ ስህተት አይደለም።

ደረጃ 7፦ ቀለሙ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ዘመን እንደሚናገር እወቁ

የተተረጎመ መጽሐፍ ከሆነ እዚህ ጋ ቀስ በሉ። እንግሊዝኛ ሰማያዊን ከትካዜ ጋር ያያይዘዋል፤ «ብሉ ነኝ» ያለ ሰው ከፍቶታል። አማርኛው «ሰማያዊ» ከሰማይ የወጣ ቃል ነው። «ሰማያዊ አባት» እንላለን። እንግሊዛዊው አንባቢ ክብደት የሚሰማው ቦታ ላይ እኛ ተስፋ ልንሰማ እንችላለን። ተርጓሚው ምንም አላጠፋም፤ ቃሉ ራሱ ወደ ሌላ ቤት ያስገባናል። (የ«ነጭ ውሸት» ነገር ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። በእንግሊዝኛ ሰው ላለማስከፋት የሚባል ቀላል ውሸት ነው፣ በአማርኛ ዓይን ያወጣ።) በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ላይ በተቃራኒው ይህ ሁለት ትርጉም ሀብታችሁ ነው። ሐዘንተኛዋ ሰማያዊ ልብስ ስትመርጥ ሁለቱም ጆሮ ይሥራ።

ዘመኑም እንዲሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ባሏ የሞተባት ሴት መጀመሪያ ሙሉ ጥቁር ትለብስና ከጊዜ በኋላ ወደ ግራጫና ፈዛዛ ሐምራዊ ትሸጋገር ነበር። የዚያ ዘመን አንባቢ አንዲት ሴት ሐምራዊ ለብሳ በር ስትገባ ምንም ሳይነገረው የሐዘኗ ወቅት እየተገባደደ መሆኑን ያውቃል። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ እ.ኤ.አ. በ1861 ከሞተ ጀምሮ ራሷ እስከሞተችበት 1901 ድረስ ጥቁር አላወለቀችም። እሷም የሆነ ነገር እየተናገረች ነበር፦ ወደ ሐምራዊ አልሻገርም። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀውን ደንብ አጣሩ፤ ከዚያ መጽሐፉ ደንቡን ተከተለ ወይስ ጣሰ ብላችሁ ጠይቁ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ያለው የጣሰበት ቦታ ላይ ነው።

ደረጃ 8፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ከዚያ ድርሰቱን

«ይወክላል» የሚለውን ግሥ ለራሳችሁ ከልክሉ። ሰነፍ ግሥ ነው። «ቢጫ የልጅነትን ደስታ ይወክላል» ካላችሁ በኋላ የሚቀጥል ነገር የለም። በምትኩ ቀለሙ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ጻፉ፦ «አባትየው በመጀመሪያ የልጁን ኩባያ ቀለም መጥራት ያቅተዋል፣ ቀጥሎ ቀለሙን በማያውቃቸው ሰዎች እጅ ላይ ያገኘዋል፣ በመጨረሻ ያረጀ ዕቃ አድርጎ ያየዋል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ሦስት አንቀጽ በውስጡ ይዟል። ገጾቹም አሉ፣ መምህሬም ዝም ትላለች።

እያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ከመጽሐፉ አጭር ጥቅስ አስገቡና በጥቅሱ ውስጥ ያለውን አንድ ቃል ያዙ። ሙሉ ገጽ አትገልብጡ። «ወይቧል» ላይ አምስት መስመር መጻፍ ይቻላል።

ደረጃ 9፦ «ደራሲው ቢጫ ስለሚወድ ቢሆንስ?»

የሚጠይቃችሁ ሰው አይጠፋም። ክበቡ ውስጥ ሁሌ አንድ አለ። አትቆጡት፤ ጥያቄው ደህና ነው። መልሱ የደራሲው ልብ ውስጥ አይደለም፣ መዝገባችሁ ላይ ነው። ገጽ 118 ላይ ሰውየው ከአውቶቡስ ወርዷል። ደራሲው ቢጫ ይውደድም አይውደድም፣ ገጸ ባሕሪው ወርዷል።

ግን አንዳንዴ ጠያቂው ልክ ይሆናል። መዝገቡ ባዶ ይወጣል፣ ወይም አሥራ አምስት መስመር ኖሮት አንዱም ከሌላው አይያያዝም። እኔ አንድ መጽሐፍ ላይ ሁለት ሳምንት ሰማያዊን ስከተል ከርሜ ምንም አላገኘሁም። መዝገቡን እንደገና ሳየው «ከዚያ በፊት የሆነው» የሚለው ዓምድ ውስጥ አንድ ነገር ተደጋግሟል፦ በር ይንኳኳል፣ ማንም አይገባም። ሰማያዊውን ተውኩት። አዲስ ገጽ ገለጥኩ፣ ከላይ «በር» ብዬ ጻፍኩ፣ እና ከገጽ አንድ ጀመርኩ።